አዲሱ ሞዴል እስኪመጣ

በአንድ ወቅት፣ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ዘራቸው እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር፣ ጎሽ ሜዳ በምትባል ትንሽ የወረዳ ከተማ፣ እናትና አባት የሞቱባቸው ሦስት ልጆች ነበሩ። ታላቅየው ማንደፍሮ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ነገርን ደጋግሞ ሳያገላብጥ የማይነካ ሰው ነው። መካከለኛው ላቀው የከብት ደላላ ነው፤ ካሰበ ያደርጋል፣ ከተቀየመ ግን ለመታረቅ ዓመት ይፈጅበታል። ታናሺቱ የሺመቤት፣ ሰው ሁሉ የሺ የሚላት፣ በታላቅ ወንድሟ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ይህ ታሪክ የሦስቱም ነው፤ የተቃጠለው ግን የእሷ ሆድ ነው።

የሺ ምንይችልን ትወድ ነበር። ምንይችል ከወንዝ ማዶ ወፍጮ ቤት ያለው ጎበዝ ነው፤ እሱም ይወዳታል። አባቱ አያ ቢተው ሽማግሌ ሊልኩ አስበው ሳለ አንድ ወሬ ተነሳ። የምንይችል ቅድመ አያት የሆነች አንዲት ሴት ድሮ ከየሺ ዘመዶች መንደር ተድራ የመጣች ናት ተባለ። እውነት ከየሺ ዘር ከሆነች ሁለቱ ልጆች እኅትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ከሌላ ዘር ከሆነች ደግሞ ድንኳን ይጣላል። የማን ልጅ እንደነበረች በሕይወት ካሉት ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም እማሆይ አስካለ ናቸው።

እማሆይ አስካለ የነዚህ ልጆች አባት አክስት፣ ባላቸው ሲሞት ቆብ የደፉ መነኩሴ ናቸው። ሌሎች ዘር ቆጣሪዎች ከአባት ወደ አባት ይሄዳሉ፤ ሴት ልጅ ተድራ ከሄደች ለነሱ ጠፋች ማለት ነው። እማሆይ ግን የተዳረችውንም፣ ተጠልፋ የሄደችውንም፣ ፈትታ ሌላ ያገባችውንም ተከትለው እስከ ልጅ ልጇ ያውቃሉ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንድ ግትርነት ነበረባቸው። ከላይ ከግንዱ ሳይጀምሩ አንዲትም ቅርንጫፍ አይጠሩም። «ዘልዬ ከቆጠርኩ አንዷን ወርቄ ከሌላዋ ወርቄ አምታታለሁ። ወንድምና እኅት አጋብቼ በዚህ ቆብ ፈጣሪዬ ፊት ምን ብዬ ልቁም?» ይላሉ። በወጣትነታቸው በችኮላ መልሰው አንድ ጊዜ የተሳሳቱ ይመስላል፤ ማንን ከማን እንዳጋቡ ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ያ ሁሉ ዘር በአንዲት አሮጊት ጭንቅላት ውስጥ መቀመጡ ማንደፍሮን ያስጨንቀው ነበር። በወረቀት እንዳይጻፍ፣ እማሆይ ወረቀት አያምኑም፤ በአያታቸው ዘመን አንድ ሰው በርስት ክርክር የተጻፈውን ፍቆ የራሱን ስም አስገብቶ ሁለት ቤት ደም ተቃብቷል። ድምፃቸው እንዳይቀዳ፣ «እኔ አፈር ለብሼ ድምፄ በየቤቱ ሲጮህ አይገኝም» አሉ። በኮምፒውተር እንዲጻፍ ግን እሺ አሉ፤ ማንደፍሮ እንደ ሣጥን ቁልፍ አለው፣ ማንም አይፍቀውም ብሎ አግባብቷቸው ነው። እማሆይ እየጠሩ፣ የሺ እየጻፈች፣ ማንደፍሮ መልሶ እያነበበላቸው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ሠሩ። ወደ ሴቶቹ መስመር ሊገቡ ሲሉ መብራት ሄደ። ሲመለስ በኃይል መጣና አሮጌውን ኮምፒውተር አነደደው። ቅጂ አልነበረም ወይ? አልነበረም። ማንደፍሮ ሲያልቅ ባንድ ጊዜ እቀዳዋለሁ ብሎ ነበር።

እማሆይ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። «አንድ ጊዜ ብቻ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ጉልበት የለኝም። የማይረሳ ዕቃ ግዙና ጥሩኝ» አሉ።

ማንደፍሮ እንጠብቅ አለ። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛው ነጋዴ በስልክ ነግሮታል። አዲስ ሞዴል እየመጣ ነው፤ መብራት ቢሄድ በራሱ ባትሪ ይቆያል፣ የተጻፈውን ራሱ ሁለት ቦታ ያስቀምጣል፣ መብራት በኃይል ቢመጣም አይነካውም። አሁን ገበያ ላይ ያለው ግን ከተቃጠለው ብዙም አይሻልም። ለማንደፍሮ ይህ የቅንጦት ነገር አልነበረም። የእማሆይ ልፋት አንድ ጊዜ በእጁ ላይ ከስሏል፤ ሁለተኛ ቢከስል ራሱን ይቅር አይልም። የራሱን ቤት ሊሠራበት ያስቀመጠውን ሁሉ ለዚሁ ዕቃ መድቧል። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? ጾም ገብቷል። በጾም ሰርግ የለም። አዲሱ ሞዴል ለፋሲካ ይደርሳል፣ እማሆይ በተረጋጋ መንፈስ ይቆጥራሉ፣ ሰርጉም በወቅቱ ይሆናል።

ፋሲካ አለፈ። ነጋዴው ዕቃው ወደብ ላይ ነው አለ። ጥቂት ቆይቶ ክረምት ገባ፤ በክረምትም ሰርግ የለም። ነጋዴው ደግሞ ደወለና ከዚያኛውም የሚሻል ወጥቷል፣ ትንሽ ከታገስከኝ እሱን አስመጣልሃለሁ አለ። ማንደፍሮ ታገሰ። እንዲህ ሰርግ የሌለበት ወቅት ሁሉ ለመጠበቅ ምክንያት እየሆነ ሄደ። ከማዶ አያ ቢተው በየጊዜው ሰው ይልካሉ፤ «ምን ላይ ደረሳችሁ?» ይላሉ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሊመጣ ነው።»

ላቀው ግን ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር የሚያርስበትን በሬ ገበያ አውጥቶ ሸጠና ባሕር ዳር ወረደ። በመደብር ከተደረደሩት አንዱን ዴስክቶፕ ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በቀጥታ እማሆይ ቤት አወረደው። የሺን ከሥራዋ ጠርቶ ወሰዳት። «ነይ ተቀመጪ። የጋሼን ሞዴል ስንጠብቅ ልታረጂ ነው» አላት። እማሆይም ዕቃውን በእጃቸው ዳብሰው፣ አማትበው፣ ከግንዱ ጀመሩ። የሺም መጻፍ ጀመረች። እያንዳንዱ ስም ወደዚያች ወደ ተዳረችው ሴት አንድ እርምጃ እንደሚያቀርባት ታውቃለች።

ማንደፍሮ ሰማ። በሩን ገፍቶ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። አባት ሲሞት አባት የሆነ ሰው ነው፤ እኅትና ወንድሙ ከጀርባው ተማክረው አገኛቸው።

«ላቀው፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የማይመጣውን ስትጠብቅ የመጣው ነው።»

«ይኼ ያው ነው! የዚያ የተቃጠለው ወንድም ነው። እማሆይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምለው ብለዋል። ነገ መብራት ሲመጣ ቢነድ ምን ትላቸዋለህ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«የዘገየስ? የሚለቅመውም አያገኝ።»

ቃል ቃል እየወለደ ሄደ። ላቀው ታላቁን ፈሪ አለው፤ ማንደፍሮ ታናሹን የገበያ ሌባ አለው። እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዝም በሉ! በጠብ መሃል ትውልድ አይቆጠርም፤ የተጣላ ቤት ስም ይበላሻል» አሉ። ከዚያ ወደ የሺ ዞረው «ቆጠራው ያንቺ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ? ልቀጥል ወይስ ይጠበቅ?» ብለው ጠየቁ።

ሁለቱ ወንድሞቿ አዩዋት። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «ይቀጥሉ» ብትል ኖሮ ማንደፍሮ እንኳ አይከለክላትም ነበር፤ በኋላ ራሱ ብሎታል። የሺ አንገቷን ደፋች።

«እንጠብቅ» አለች።

ሰው ሁሉ ታላቅ ወንድሟን አክብራ ነው አለ፤ ጨዋ ልጅ ተብላ ተመሰገነች። የእሷን ልብ ግን እሷ ታውቀዋለች። ፈርታ ነው። ዘሩ ሳይቆጠር ምንይችል የእሷ ነው። ከተቆጠረ ግን ወይ ባሏ ነው ወይ ወንድሟ። መጠበቅ መሃሉ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ነበረች፤ እዚያች ላይ መቆም ወደደች። ወሬ ሲበዛባት፣ አያ ቢተው ሰው ሲልኩ፣ እሷም እንደ ማንደፍሮ «ሊመጣ ነው» ማለት ለመደች።

ላቀው ከዚያች ቀን በኋላ ከሁለቱም ጋር ቃል አልተነጋገረም። ለየሺ ግን አንድ ነገር ብሏታል፤ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ። «በሬዬን የሸጥኩት ለማን ብዬ መሰለሽ?» አላት።  ጥሎት የሄደው ኮምፒውተር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተወሰደና ማመልከቻ ይጻፍበት ጀመር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ በኃይል መጣ፤ ያ ዕቃ አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም። ይህን የምነግራችሁ ማንደፍሮን ለማሳፈር አይደለም። ሊነድም ይችል ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሺ የእማሆይን እግር እያጠበች ነበር። እግራቸው አብጦ ነበርና ውኃው ለብ እንዲል አድርጋለች። እማሆይ እጃቸውን ራሷ ላይ ጣሉ።

«የማዶውን ልጅ ሰምቻለሁ» አሉ።

የሺ እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«የቅድመ አያቱን አባት አውቀዋለሁ። ከግንዱ ሳልጀምር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ላንቺ ግን ስለዚያች ስለ አንዲቷ ሴት ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። ኃጢአት ከሆነም እኔ እመልስበታለሁ። ጊዜዬ እየሄደ ነው፣ ልጄ። ልንገርሽ?»

የሺ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ፈገግታ ካለበት ንገሩኝ ልትል፣ ሐዘን ካለበት ልትሸሽ። የእማሆይ ፊት ግን ምንም አይናገርም፤ ስንት ሙሽራ ሲያጋቡና ሲያለያዩ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ጋሼ አዲሱ ሲመጣ ሁሉም በወጉ ይቆጠራል ብሏል። ያኔ ይሁን፣ እማሆይ።»

«ያኔ ይሁን» አሉ እማሆይም፤ እግራቸውን ከውኃው አወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ታመው ተኙ። ያን ሰሞን ማንደፍሮ አዲስ አበባ ነበር። ነጋዴው በመጨረሻ ዕቃው ገብቷል ብሎት፣ ይህን ጊዜስ ራሴ ሄጄ በእጄ ካልያዝኩ አላምንም ብሎ ሄዶ ነው። እማሆይ ሲብስባቸው ጎረቤታቸውን ወደ ላቀው ላኩ። «ያን ሣጥንህን ይዘህ ና በይልኝ። እስከደረስኩበት እቆጥራለሁ።» ላቀው መልእክቱን የሰማው የከብት ገበያ ሊሄድ ሲወጣ ነው። የቆየ ቂሙ ተነሳበት።

«ሣጥኑ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ የማንደፍሮ ነው። እኔ አንዴ አምጥቼ ተመልሻለሁ። ዐዋቂው ሲመጣ ይቁጠሩለት» ብሎ በትሩን አንሥቶ ሄደ። አሮጊት ስትታመም ስንት ጊዜ አይቷል፤ ይድናሉ ብሎ ነው። ወንድሟ በሌለበት ጽሕፈት ቤቱን ይዛ የነበረችው የሺ ይህ መልእክት መላኩን አልሰማችም። እማሆይ ያረፉት ላቀው ከገበያ ሳይመለስ ነው።

ማንደፍሮ ከአውቶቡስ ሲወርድ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። አዲሱን ኮምፒውተር መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የመጣው፤ ጣራ ላይ ጫን ሲሉት እምቢ ብሎ። ለቅሶ ከተቀመጡት አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ፤ ማንደፍሮ ሰማው። ዕቃውን እንዳቀፈ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዚያች ቀን በወረዳው ስንት ቤት፣ ስንት ተድራ የሄደች ሴት፣ ስንት ገና ያልተወለደ ሙሽራ አብሮ እንደተቀበረ ከእሱ በላይ የገባው አልነበረም።

ምንይችል አንድ ቀን ወፍጮውን ዘግቶ የሺ ዘንድ መጣ።

«የሚያውቅ የለም አይደል?» አላት። «እንግዲያው የሚከለክልም የለም። ተያይዘን እንሂድ።»

«እኔም አላውቅም፣ ምንይችል። የምፈራው እሱን ነው። ልጅ ወልጄ ፊቱን ባየሁ ቁጥር የአባቴን መልክ ስፈልግ ልኑር?»

ምንይችል ለመናት፤ ከዚያ ተቆጣ፤ ከዚያ ሄደ። ደግሞ አልተመለሰም። አያ ቢተውም ያልተቆጠረ ዘር ቤታቸው እንዲገባ አልፈለጉም። ልጃቸው ስንት ጥሩ ቤት እየተጠራ በየሺ ምክንያት ሲጠብቅ ነበር፤ አሁን ዘር መቁጠር ከማያስፈልግበት ከሩቅ አገር ሊድሩት ተነሱ። ቂም ይዘው መዳር ግን አልወደዱምና የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ወይራ ሥር ሰበሰቡ።

«ልጄን በተስፋ አስራችሁ አኖራችሁት» አሉ አያ ቢተው። «የተሰበረው የሱም የሷም ልብ ነው፤ እሱን ማንም አይጠግነውም። ይቅርታ ግን አለኝ። እንደ አገራችን ወግ፣ ጥፋቱ የከበደው ሰው በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ይንበርከክ፤ እኔም ድንጋዩን በእጄ አወርድለታለሁ። ሦስታችሁ አብራችሁ እንዳትመጡ። ሦስት ሰው የተሸከመው ጥፋት የማንም አይደለም።»

ድንጋይ ተፈልጎ መጣ፤ በሦስቱ ልጆች መሃል ተቀመጠ።

ማንደፍሮ ተነሣ። «እኔ የዘገየሁት እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ በእጄ ጠፍቷል። ለገንዘቤ አልሳሳሁም፣ ለራሴ ብዬ አልዘገየሁም። የሳተው ጥንቃቄዬ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለ። አንድ ሽማግሌ «ያለውን ይዘህ ጀምር ብለንህ ነበር፣ ልጄ» አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ።

ላቀው ተነሣ። «እኔ በሬዬን ሸጬ አምጥቻለሁ። እማሆይ ጀምረው ነበር። ያስቆማችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። ያቺ የተላከችው ጎረቤት ከሴቶቹ መሃል «ሲሞቱ ሲጠሩህስ?» አለችው። የሺ ይህን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ላቀው ፊቱን ወደ ወይራው አዞረ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ያዩ ነበር። የሺን የጠየቃት የለም፤ ለነሱ እሷ የተጎዳችው ናት። ዝም ብትል ነገሩ ተሸፍኖ ይቀራል፤ የምታውቀውን የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም ከአፈር በታች ናቸው። የሺ ግን ተነሣች።

«ሊነግሩኝ ነበር» አለች። «ወንድሞቼ ሳይኖሩ፣ እግራቸውን ሳጥብ፣ ስለዚያች ሴት ልንገርሽ ብለው ለመኑኝ። አልፈልግም አልኩ። ያን ቀን እንጠብቅ ያልኩትም ጋሼን አክብሬ አይደለም። ዘመድሽ ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።»

 አያ ቢተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ ወገን፣ ድንጋዩ የማንደፍሮ ነው አለ፤ የቤቱ ራስ እሱ ነው፣ ያለውን ንቆ የሚመጣውን ሲያመልክ ሰው እንደሚሞት ረሳ። ሌላው ወገን፣ የላቀው ነው አለ፤ ሌሎቹ የሚመጣውን አያውቁም ነበር፣ እሱ ግን በሞት አልጋ ላይ ተጠርቶ በኩርፊያ ቀረ። ሦስተኛው ወገን አንገቱን ደፍቶ፣ የልጅቷ ነው አለ፤ ወንድሞቿ መልሱን ሲፈልጉ እሷ ደጇ ድረስ የመጣላትን መልሳ ሰደደችው። ይህን ሲሰሙ ከመጀመሪያው ወገን የነበሩት ተቆጡ፤ ትዳሯን ያጣች ልጅ ደግሞ ድንጋይ ትሸከም? እውነቱን ሳትገደድ የተናገረችስ እሷ ብቻ አይደለችም?

ክርክሩ ሳያልቅ ጀንበር አዘቀዘቀች። እነዚያ ሁለት ልጆች ዘመድ ይሁኑ ባዕድ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ፍረዱ። ያለውን እያየ የሚሻለውን የጠበቀው፣ ያለውን አምጥቶ ሲጠሩት የቀረው፣ ወይስ ልንገርሽ ስትባል እምቢ ያለችው? ድንጋዩ የሚገባው ለማን ጫንቃ ነው?